ብርሃንና ጽልመት በጣና ዳር፦ የኤች ዲ አር ፎቶግራፍ በየትኛው መሣሪያ ይዋሐድ?

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ላይ የቆሙት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ ከሩቅ ሲመለከቷቸው በጥቅጥቅ ዛፍ ተከበው ጕልላታቸው ብቻ ብቅ ብሎ የሚታይ፣ ከደጃፋቸው አልፈው ወደ ቅኔ ማኅሌታቸው ሲዘልቁ ግን የመቅደሳቸው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በቅዱሳት ሥዕላት ተጐናጽፎ የሚገኝ በመሆናቸው፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ እነርሱ የሚሄደውን ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና ይጠብቀዋል። በኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ባሳነጹት በናርጋ ሥላሴ፣ ብርሃን የሚገባው በተከፈቱት በሮችና በጥቂት መስኮቶች በኩል ስለ ሆነ፣ በበሩ ትይዩ ያለው ሥዕል በቀትር ፀሐይ ሲያበራ ከእርሱ አንድ ክንድ ፈቅ ብሎ ያለው ሥዕል በጽልመት ተውጦ ይቀራል። ካሜራው ብርሃኑን ተከትሎ ሲለካ የጨለማው ክፍል ጥቁር ይሆናል፤ ጨለማውን ተከትሎ ሲለካ ደግሞ በሩና በበሩ አጠገብ ያለው ቅዱስ ሥዕል ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ፍላሽ ማብራትም መድኃኒት አይሆንም፤ ብርሃኑ በቀለሙ ላይ አንጸባርቆ መካከሉን ያነጣዋል፣ ጠርዙንም እንደ ጨለመ ይተወዋል።

የሰው ዓይን ይህን ችግር እምብዛም አያውቀውም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲመለስ ብሌኑ እየሰፋ፣ አእምሮም ያየውን እያስማማ፣ በሩንም ግድግዳውንም በአንድ ጊዜ ያየ ይመስለዋል። ካሜራ ግን ይህ ጸጋ የለውም። በሙያው ቋንቋ የብርሃን መጠን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ አንድ ስቶፕ ይባላል፤ በደጅ ባለው ፀሐይና በመቅደሱ ጥግ ባለው ጥላ መካከል ያለው ልዩነት አሥር ስቶፕ ቢሆን፣ ደጁ ከጥጉ 1,024 ጊዜ ይበልጥ ብሩህ ነው ማለት ነው፤ በዚህም ላይ በደጁ ውስጥ ያለው ነጭና ጥቁር፣ በጥጉም ውስጥ ያለው ነጭና ጥቁር ይጨመርበታል። ዛሬ የሚሠሩት ጥሩ ጥሩ ካሜራዎች በዝቅተኛ አይ ኤስ ኦ፣ ማለት ካሜራው ለብርሃን ባለው ዝቅተኛ የስሜት መጠን፣ እስከ 14 ስቶፕ ገደማ መያዝ ቢችሉም፣ በጨለማው በኩል ያለው መረጃ በነቁጥና በጕርብጥብጥ የተሞላ ስለሚሆን፣ ለሥዕል ምዝገባ የሚበቃ ጥራት አይኖረውም።

በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ኤች ዲ አር፣ ማለት ሰፊ የብርሃን ክልል፣ ተብሎ የሚጠራው ጥበብ የተገኘው ይህን ፈተና ለማለፍ ነው። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ጸንቶ እንደ ቆመ፣ ያንኑ ትእይንት አንድ ጊዜ ለብርሃኑ፣ አንድ ጊዜ ለመካከለኛው፣ አንድ ጊዜም ለጨለማው በሚስማማ መጠን ያነሣል፤ ከዚያም ሦስቱ ምስሎች በኮምፒዩተር ተዋሕደው ከእያንዳንዳቸው የተሻለው ይወሰዳል። ሐሳቡ እጅግ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ሰማዩንና ባሕሩን በሁለት ነጌቲቮች አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። በኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ ፖል ደቤቬክና ጂተንድራ ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ በተለያየ የብርሃን መጠን ከተነሡ ፎቶግራፎች የትእይንቱን እውነተኛ ብርሃን መልሶ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም በ2007 መርተንስ፣ ካውትስና ቫን ሬት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሁሉ ስሌት ሳያልፉ ምስሎቹን በቀጥታ የሚያዋሕድ ቀለል ያለ ዘዴ አቀረቡ። የዚህ የኋለኛው ዘዴ ጠባይ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ማዋሐዱን የሚሠራው ሶፍትዌር በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ራሱን የቻለ ነው፤ በራሱ ስም ይከፈታል፣ ፎቶግራፎቹን ራሱ ያነባል፣ ያስተካክላል፣ ያዋሕዳል፣ ውጤቱንም ራሱ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ተሰኪ፣ በብዙ ባለሙያዎች አፍ ፕለጊን፣ የሚባለው ነው፤ ይህ ብቻውን መሥራት ስለማይችል እንደ ላይትሩምና ፎቶሾፕ ባሉ ትልልቅ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ፣ አስተናጋጁ ምስሎቹን ሲሰጠው ተቀብሎ ሠርቶ ይመልስለታል። ነገሩን በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት ብንመስለው ራሱን የቻለው ባለርስት፣ ተሰኪው ጢሰኛ ነው፤ ጢሰኛው መሬቱን ከባለርስቱ አሳምሮ ሊያርሰው ይችላል፣ ነገር ግን ባለርስቱ ውሉን በለወጠ ቀን የጢሰኛው ኑሮ አብሮ ይናወጣል።

ይህ መናወጥ በተግባር የታየ ነው። ኒክ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ኤች ዲ አር ኤፌክስ ፕሮ የሚባል እጅግ የተወደደ ተሰኪ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጉግል ኩባንያውን ገዛ፤ በ2016 ተሰኪዎቹን ሁሉ ለዓለም በነጻ አደለ፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሥራውን በእነርሱ ላይ ካቆመ በኋላ በ2017 ከእንግዲህ ማሻሻያ እንደማይኖራቸው አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ዲ ኤክስ ኦ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛቸውና እንደገና በገንዘብ የሚሸጡ ሆኑ። በዚህ መካከል ፎቶሾፕ በታደሰ ቁጥር አሮጌው ተሰኪ እየተሰናከለ የተቸገረው ሰው ብዙ ነው። ራሱን የቻለውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ አውሮራ ኤች ዲ አር የተባለው ፕሮግራም የ2019 እትሙ የመጨረሻው ሆኖ አሠሪው ኩባንያ ፊቱን ወደ ሌላ ፕሮግራም አዙሯል። ልዩነቱ ግን ራሱን የቻለው ፕሮግራም በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ፣ ኮምፒዩተሩ እስካልተለወጠ ድረስ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ መሥራቱን መቀጠሉ ነው።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ድንበር ፍጹም እንዳልሆነም መነገር አለበት። ፎቶማቲክስ ፕሮ የተባለው፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ፕሮግራም፣ ራሱን ችሎም ይሠራል፣ ለላይትሩም የሚሆን ተሰኪም አብሮት ይመጣል። ከዚህም በላይ ላይትሩም ራሱ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ምስሎችን የማዋሐድ ችሎታ በውስጡ ስለ ያዘ፣ ላይትሩምን በሕጋዊ መንገድ የሚጠቀም ሰው ለማዋሐድ ብቻ ሲል ሌላ ተሰኪ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ አጠፋ እላለሁ። ተሰኪ የሚያስፈልገው የተዋሐደውን ምስል በልዩ መልክ ለማስጌጥ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ይህ ማስጌጥ ደግሞ ለቅዱሳት ሥዕላት ምዝገባ የሚጠቅም ሳይሆን የሚጎዳ መሆኑን ወደ ታች እናየዋለን።

ከኮምፒዩተሩ አቅም አንጻር ያለው ሒሳብም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ የሚሰጠው ጥሬ ፋይል፣ ማለት ራው የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ቢሆን ነው። አስተናጋጁ ፕሮግራም ይህን ለተሰኪው ሲያስረክብ ግን በአብዛኛው ቲፍ ወደሚባል ባለ 16 ቢት የምስል ፋይል ይለውጠዋል፤ 24 ሚሊዮን ነጥብ በሦስት ቀለም፣ እያንዳንዱም በሁለት ባይት ሲባዛ 144 ሜጋባይት ይሆናል። ለአንድ ትእይንት ሦስት ምስል ከተነሣ 432፣ አምስት ከተነሣ 720 ሜጋባይት በመሸጋገሪያ ብቻ ይያዛል ማለት ነው፤ የአንድን መቅደስ አራት ግድግዳ በየክፍሉ ያነሣ ሰው ሃርድ ዲስኩ በአንድ ቀን እንዴት እንደሚሞላበት ከዚህ ይገነዘባል። ጥሬውን ፋይል በቀጥታ የሚያነበው ራሱን የቻለ ፕሮግራም ከዚህ ሸክም ያሳርፋል። ሆኖም ለአስተናጋጁ የሚመሰከርለት አንድ ትልቅ ብልጫ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የበሩ ብርሃን ሰማያዊ፣ የጧፉ ብርሃን ቢጫ ስለ ሆነ፣ ይህን የቀለም ልዩነት በየቦታው ለያይቶ ማረም ላይትሩምን የመሰለው የተሟላ ፕሮግራም ከብዙዎቹ የኤች ዲ አር ፕሮግራሞች አብልጦ ያውቅበታል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ሰው እንመለስ፤ የሶፍትዌር ምርጫ ሰውየው የሚሠራውን ሥራ ሳይጠይቁ ሊፈረድ አይችልምና። በከተማው ካሉት ፎቶ ቤቶች የብዙዎቹ እንጀራ ሠርግ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ሳምንታትና ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ሙሽሮች በሐይቁ ዳር፣ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም 380 ሜትር በሚረዝመው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አካባቢ ሲነሡ ይውላሉ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም በአንድ ቀን የሚያነሣው ብዛት ያለው ነው። ለዚህ ሰው ምስሎቹ ሁሉ በአንድ መዝገብ ውስጥ ተሰድረው፣ የተመረጡት ከመዝገቡ ሳይወጡ ተስተካክለው፣ በፍጥነት እንዲወጡለት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አስተናጋጅ ፕሮግራም መያዙ፣ ካስፈለገውም ተሰኪ መጨመሩ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ሙሽሪት ትንቀሳቀሳለች፣ ቬሏ በነፋስ ይወዛወዛል፤ በተከታታይ የተነሡት ሦስት ምስሎችም ሲዋሐዱ የአንዲቱ ሴት እጅ ሁለትና ሦስት ጥላ ያወጣል። ፕሮግራሞቹ ይህን ጥላ የሚያጠፉበት መሣሪያ ቢኖራቸውም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። ሰው ለሚነሣበት ፎቶግራፍ ምክሬ አንድ ነው፦ በራው አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይነሣ፣ የጨለመው ከዚያው ከአንዱ ፋይል ቀስ ተብሎ ይብራ። በታንኳ ላይ ሆኖ መረቡን የሚጥለውን ዓሣ አጥማጅና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ደንገልም ለሚያነሣ ሰው እንዲሁ።

የገዳማቱን ሥዕላት ለሚመዘግበው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግድግዳው አይንቀሳቀስም፤ ጊዜ ይሰጣል፤ የሚጠይቀው ታማኝነትን ብቻ ነው። የቅርስ ምዝገባ በጣና ላይ የቆየ ታሪክ አለው። የውጭ አገሩ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣናን ገዳማት የብራና መጻሕፍት መርምሮ፣ በክብራን ገብርኤል ገዳም የሚገኙትን የሚዘረዝረውን የመጀመሪያ ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትሟል። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሚካኤል ገርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥነ ጥበብ ፎቶግራፎች በአንድ ላይ ሰብስበው «መዝገበ ሥዕላት» በሚል ስም ለተመራማሪዎች አቅርበዋል። የእነዚህ ሰዎች ድካም የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የሥዕሎቹ ባለቤት በሆነው አገር፣ በሐይቁ ዳር በሚኖረው ወጣት እጅ የሚሠራ ምዝገባ እንዲበዛ መመኘት የሁላችንም ድርሻ ነው፤ ዓመት ከዓመት የሚደርሰውን የዝናብ ፍሳሽና የምስጥ ጉዳት በየጊዜው ተመላልሶ ሊያነሣ የሚችለው በቅርብ ያለው ነውና።

ለዚህ ወጣት የምመርጥለት ራሱን የቻለውን ፕሮግራም ነው፤ ምክንያቴም በአብዛኛው ከምንኖርበት ሁኔታ የሚመነጭ ነው። ላይትሩምና ፎቶሾፕ ዛሬ የሚገኙት በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል የውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ክፍያው መፈጸሙን ለማረጋገጥም ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። የአስተናጋጁ ፈቃድ በዚህ ምክንያት የተቋረጠበት ሰው፣ ተሰኪውን በገንዘቡ ገዝቶ በእጁ ቢይዘውም፣ የሚሰካበት ሲያጣ ዋጋ የለውም። በየገበያው በፍላሽ ዲስክ የሚዞረውን የተሰበረ ቅጂ መጫን ደግሞ፣ ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ፣ ቫይረስ ይዞ ገብቶ የብዙ ዓመት ምስል በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ የቅርስ ምዝገባን ያህል ሥራ ለያዘ ሰው ፈጽሞ የሚገባ አይደለም።

ደግነቱ፣ በነጻ የሚታደሉና ኢንተርኔት ሳይፈልጉ የሚሠሩ ጨዋ ፕሮግራሞች አሉ። ሉሚናንስ ኤች ዲ አር ሙሉውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራል። ኤች ዲ አር መርጅ የተባለው ሌላው ግን የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሬዎቹን ፋይሎች አዋሕዶ ሰፊ ብርሃን የያዘ አንድ ዲ ኤን ጂ ፋይል ያወጣል፣ ያንንም እንደ ዳርክቴብልና ራው ቴራፒ ባሉ፣ እነርሱም በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞች ከፍቶ ብርሃኑንና ቀለሙን ማረም ይቻላል። እኔ ለሥዕል ምዝገባ ከሁሉ የምመርጠው ይህን መንገድ ነው፤ ከራሱን ቻይ ፕሮግራም ነጻነትን፣ ከተሟላው ፕሮግራም ደግሞ የቀለሙን ጥንቃቄ አጣምሮ ይሰጣልና። እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበውን ቀለል ያለ የማዋሐድ ዘዴ የሚፈልግ ሰውም፣ ለሰፋፊ ምስሎች መገጣጠሚያ በተሠራው በሁጂን ፕሮግራም ውስጥ ኤንፊውዝ በሚል ስም ያገኘዋል።

ቀለል ያለውን ዘዴ የማመሰግንበት ምክንያት አለኝ፤ ምስሎቹን በቀጥታ ስለሚያዋሕድ ቀጥሎ ከምጠቅሰው ሥራ ያሳርፋል። ሰፊውን ብርሃን ወደ ጠባቡ የኮምፒዩተር መስኮት ወይም ወደ ወረቀት ለማውረድ የሚደረገው ማስማማት፣ ባለሙያዎቹ ቶን ማፒንግ የሚሉት፣ መጠን ሲያጣ ምስሉን ያበላሸዋል። ሰማዩ ያለ ልክ ይጠቁራል፤ በዛፍና በሰማይ መገናኛ ላይ የሚያበራ ነጭ ጠርዝ ይወጣል፤ ውኃው የብረት መልክ ይይዛል። በማኅበራዊ መገናኛ የሚታዩ ብዙ የጢስ ዓባይና የጣና ፎቶግራፎች ይህ ሕመም አለባቸው። በመሬት ገጽታ ላይ ሲደረግ የጣዕም ጕድለት ነው፤ በቅዱሳት ሥዕላት ላይ ሲደረግ ግን ሐሰት ይሆናል። ጥንታዊው ሠዓሊ ያኖረው ቀይና ቢጫ እርሱ ካሰበው ይልቅ ይጮኻል፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሸራ መገጣጠሚያና የቀለሙ ስንጥቅ ከእውነቱ በላይ ጎልቶ ሥዕሉ ከደረሰበት ጉዳት የባሰ የተጎዳ ይመስላል፤ ነገ ሥዕሉን ሊጠግን የሚመጣው ባለሙያም በዚህ ፎቶግራፍ ተመርቶ ይሳሳታል። ተሰኪዎች የሚታወቁበት በአንድ ጠቅታ የሚገኝ ዝግጁ መልክ ለዚህ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ ያጋልጣል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ምን እንደ ተለወጠ ሳይመረምር ያማረ የመሰለውን ተቀብሎ ይሄዳልና።

በቦታው ላይ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ጥቂት ልጨምር። ከሁሉ አስቀድሞ የገዳሙን አስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ፣ የጸሎትንና የቅዳሴን ሰዓት ማክበር ግዴታ ነው፤ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ወደ መሳሰሉት ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡም ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የሌንሱ ቀዳዳ መጠንና አይ ኤስ ኦው እንዳይለወጡ ተደርገው ጊዜው ብቻ ይለዋወጥ፤ ነጩን ቀለም ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ አይተው፤ ጣት መዝጊያውን ሲጫን ካሜራው እንዳይነቃነቅ በሁለት ሴኮንድ መዘግየት ይነሣ። የመጀመሪያው ምስል በበሩ ያለው ብርሃን እስከማይነጣ ድረስ የጨለመ፣ የመጨረሻው ደግሞ የጥጉ ሥዕል በግልጽ እስኪታይ ድረስ የበራ ይሁን። ከተቻለም በአንዱ ምስል ላይ የቀለም መለኪያ ካርድ አብሮ ቢነሣ፣ የሠዓሊውን ቀይ ከጧፉ ብርሃን ለይቶ ለማወቅ ይረዳል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በዓመት ውስጥ ብዙ ሠርግ የሚያነሣና የአስተናጋጁን ፕሮግራም ክፍያ ከሥራው የሚያገኝ ባለ ፎቶ ቤት በዚያው ይጽና፤ ተሰኪ ለመግዛት ግን አይቸኩል፣ አስተናጋጁ ራሱ ያዋሕድለታልና። ጀማሪው፣ ተማሪውና የገዳማቱን ቅርስ የሚመዘግበው ሰው ራሱን በቻለውና በነጻ በሚገኘው ፕሮግራም ይጀምር። ሁለቱም ግን፣ የትኛውን ሶፍትዌር ቢመርጡ፣ ከመዋሐዳቸው በፊት የነበሩትን ጥሬ ፋይሎች አይደምስሱ፤ ዛሬ የተዋሐደው ምስል ነገ በተሻለ መሣሪያ እንደገና ሊዋሐድ የሚችለው እነርሱ ካሉ ብቻ ነው። የተነሡበትን ቀን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስምና የግድግዳውን አቅጣጫ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለራሳቸው ሲያስቀምጡ ሌላውን በዲስክ ገልብጠው ሥዕሎቹን እስከ ዛሬ ጠብቆ ላቆየው ገዳም እንዲያስረክቡ ይህን የሚያነበውን ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ እለምናለሁ።